ምላሱ ከመቆረጡ በፊት ሰውዬው ይጠየቅ

ከሕክምና ሥራዎች መካከል ስሙ ሲጠራ ሰውን የሚያስደነግጥ አንድ ኦፕራሲዮን አለ፤ እርሱም የምላስ መቆረጥ ነው። ምላስ መቁረጥ በጥንት ዘመን በብዙ አገር የቅጣት ዓይነት እንደ ነበረ የታሪክ ተማሪዎች ያውቁታል። ዛሬ ግን ይኸው ነገር በሐኪም እጅ፥ በማደንዘዣ፥ በንጹሕ ክፍል ውስጥ፥ ሰውን ከአፍ ካንሰር ለማዳን ይሠራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? ማደንዘዣው ነውን? የክፍሉ ንጽሕና ነውን? እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ይህ ነው፤ የሚቀጣው ሰው ፈቃዱን አይጠየቅም፤ የሚታከመው ግን ይጠየቃል። መጠየቁ የቀረ እንደ ሆነ ልዩነቱ እጅግ ይጠባል።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው አሳብ እንግዲህ ይህ ነው። የምላስ ካንሰር የያዘው ሰው ምላሱ ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ የሚለው ጥያቄ በሐኪሙና በዘመድ መካከል ብቻ ተወስኖ መቅረት የለበትም፤ ገና መናገር ሳለ ለራሱ ለበሽተኛው ሊቀርብለት ይገባል። ጥያቄውም ባዶ ጥያቄ እንዳይሆን፥ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እንዴት እንደሚበላና እንዴት እንደሚናገር አስቀድሞ የሚያስብለት ሰው መኖር አለበት። ይህ የሕክምና ተማሪዎች ብቻ ጉዳይ ነው የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው ያንብብና ይፍረድ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። የምላስ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ምላስን ከላይ ከሚሸፍነው ስስ ቆዳ ነው፤ ይልቁንም በምላስ ጎን፥ በጠርዙ ላይ ይበዛል። ሲጀምር ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፥ አለዚያም ጥርስ የነከሰው የሚመስል ትንሽ ቁስል ሆኖ ይታያል። ጥርስ የነከሰው ምላስ ግን በጥቂት ቀኖች፥ ቢዘገይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይድናል፤ ሦስት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል ለሐኪም ሊታይ ይገባዋል። ዋናው መንሥኤ ትንባሆ ነው፤ ሁለተኛው የአልኮል መጠጥ ነው፤ ሁለቱን ባንድነት የሚወስድ ሰው ደግሞ አደጋው ይባዛበታል እንጂ አይደመርበትም። በህንድና በአካባቢዋ አገሮች ብዙ ሰው የሚያኝከው የአሬካ ፍሬም እንዲሁ በአፍ ላይ ካንሰር ያመጣል። ይሁን እንጂ አጭሶም ጠጥቶም የማያውቅን ሰው ሊይዝ ስለሚችል፥ የታመመውን ሁሉ «ምን ስታደርግ ያዘህ?» እያሉ መክሰስ ተገቢ አይደለም።

ቀዶ ሐኪሙ ዕብጠቱን ብቻ ቆርጦ ማውጣት አይበቃውም። በዓይን የማይታይ የካንሰር ርዝራዥ እንዳይቀር፥ በዙሪያው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ጤነኛ ሥጋ ጨምሮ ያወጣል። ስለዚህ በጊዜ የመጣ ሰው ከምላሱ ጥቂቱን ያጣል፤ የዘገየው ግማሹን ያጣል፤ እጅግ የዘገየው ሁሉንም ሊያጣ ይችላል። በሽታው ከምላስ ተነሥቶ ወደ አንገት ንፍፊቶች የመሄድ ልማድ ስላለው አንገትም ተከፍቶ ንፍፊቶቹ ይወጣሉ። በቦምቤይ፥ በዛሬ ስሟ በሙምባይ፥ የሚገኘው የታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል ሐኪሞች በ2015 ያሳተሙት ጥናት ይህን ያስረዳል። በአፍ ካንሰር መጀመሪያ ደረጃ ላይ ከነበሩ በሽተኞች መካከል፥ የአንገት ንፍፊታቸው ከአፋቸው ዕብጠት ጋር ባንድ ጊዜ የወጣላቸው ከሦስት ዓመት በኋላ 80 ከመቶ ያህሉ በሕይወት ተገኙ፤ ንፍፊቱ እስኪያብጥ ድረስ እንዲጠበቅ ከተደረጉት ግን በሕይወት የተገኙት 67.5 ከመቶ ነበሩ። ይህን መጥቀሴ ያለ ምክንያት አይደለም። ቢላዋ ያስፈራል ተብሎ ከቢላዋ መሸሽ ሕይወትን ያስከፍላል። የአፍ ውስጥ ምላስ ካንሰርን በሚመለከት ኦፕራሲዮን እስከ ዛሬ ድረስ የመጀመሪያው ሕክምና ነው። እኔም የምከራከረው ስለ አቆራረጡ እንጂ በመቁረጡ ላይ አይደለም።

ይህ ጥበብ ከየት እንደ ተነሣ ማስታወስም ይጠቅማል። ኤተር በ1846 ለማደንዘዣ እስኪውል ድረስ በሽተኛው ነቅቶ ይቆረጥ ነበር። የእንግሊዝ አገር ቀዶ ሐኪም ዋልተር ኋይትሄድ በማንቸስተር መላውን ምላስ በአፍ በኩል በመቀስ ብቻ የማውጣትን ዘዴ አስፋፋ፤ በ1891ም የ100 ሰዎች ምላስ ሙሉ በሙሉ ስለ ወጣባቸው ኦፕራሲዮኖች ጽፎ አሳተመ። አሜሪካዊው ጆርጅ ክራይል በ1906 በ132 ኦፕራሲዮኖች ላይ ተመሥርቶ የአንገትን ንፍፊቶች ባንድነት የማውጣትን ሥርዓት አቀረበ። በዚያ ዘመን በሽተኛው ከደም መፍሰስ፥ ከመመረዝና ከሳምባ በሽታ ማምለጡ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ «ይተርፋል ወይ?» የሚል ነበር። ዛሬ ግን የሚተርፈው ስለ በዛ ሌላ ጥያቄ ተወልዷል፤ ተርፎስ እንዴት ይኖራል?

እውነት ነው፥ የዛሬ ሐኪም ቆርጦ ብቻ አይተውም። የቻይና ሐኪሞች በ1981 ባሳተሙት ዘዴ ከክንድ ላይ ቆዳ ከነደም ቅዳውና ከነደም መልሱ ተነሥቶ፥ የደም ሥሮቹ በማይክሮስኮፕ እየታዩ ከአንገት ደም ሥሮች ጋር ተሰፍተው፥ በተቆረጠው ምላስ ቦታ ይተከላል። ከጭንና ከደረት ሥጋም ይወሰዳል። ይህ ሥራ እጅግ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን የተተከለው ሥጋ ጎድጓዳውን ይሞላል እንጂ እንደ ምላስ አይላወስም፤ ጨውና ስኳርም አይለይም። ምላስን ምላስ ያደረገው መላወሱ ነውና።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት የሩቅ አገር መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ የገዛ ፊደላችንን መመርመር ይበቃል። በ፥ መ፥ ፈ፥ ጰ እና ወ በከንፈር የሚነገሩ ናቸው። ተ፥ ደ፥ ጠ፥ ነ፥ ለ፥ ረ፥ ሰ፥ ዘ እና ጸ የምላስን ጫፍ ይፈልጋሉ። ሸ፥ ቸ፥ ጀ፥ ጨ፥ ኘ እና የ የምላስን መካከል ወደ ትናጋ ያነሣሉ። ከ፥ ገ እና ቀ ደግሞ በምላስ ጀርባ ይነገራሉ። እንግዲህ ምላሱን ያጣ አማርኛ ተናጋሪ ከፊደል ገበታው የሚበልጠውን ክፍል ያጣል ማለት ነው። አናባቢዎቹም ቢሆኑ በምላስ ከፍታና ዝቅታ የሚለዩ ስለ ሆኑ ይደበላለቃሉ። አንባቢያን፥ ምላሳችሁን ከታችኛው ጥርስ ሥር አስተኝታችሁ ሳታንቀሳቅሱ «አባባ» እና «እማማ» በሉ፤ ይቻላል። ቀጥላችሁ «ልጄን ጥሩልኝ» ለማለት ሞክሩ። ሕፃን መጀመሪያ የሚለምዳቸው ቃላት ይቀራሉ፤ አዋቂ የሚነጋገርባቸው ይሄዳሉ።

ይህን ስል ሁሉም ዲዳ ሆኖ ይቀራል ማለቴ አይደለም። ከምላሱ ጥቂቱ ወይም ግማሹ የተቆረጠበት ሰው፥ የንግግር ባለሙያ እያስለመደው፥ ሰው የሚሰማው ንግግር ለመናገር ብዙ ጊዜ ይበቃል። የቀረው ምላስ ከትናጋው መድረስ ሲያቅተው፥ የጥርስ ሐኪም ትናጋውን ዝቅ የሚያደርግ ሰሌዳ ሠርቶ ከላይ ጥርሱ ጋር ያያይዝለታል። ምላሱ በሙሉ የወጣ ሰው እንኳ በብዙ ልምምድ ቢያንስ ለቤተ ሰቡ የሚገባ ቃል ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው የሚያስለምድ ሰው ሲኖር ነው። ቆራጭ ኖሮ አስለማጅ ከሌለ ሥራው ግማሽ ነው።

የመብላቱም ነገር ከመናገሩ አያንስም። ምላስ የታኘከውን እህል ሰብስቦ ወደ ጉሮሮ የሚገፋ ነው። ይህ ሲጠፋ እህሉ በአፍ ውስጥ ይንከራተታል፤ አልፎ ተርፎም በተሳሳተ መንገድ ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ሳምባን ያሳምማል። ስለዚህ በሽተኛው በመጀመሪያ በአፍንጫ ወይም በሆድ በኩል በገባ ቱቦ ይመገባል፤ በኋላም አንዳንዱ ከአጥሚትና ከተፈጨ ምግብ አያልፍም። ምላሱ በሙሉ የወጣበት ሰው ምግቡ ወደ ሳምባው እየወረደ ቢያስቸግረው ማንቁርቱም እንዲወጣ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ድምፁም አብሮ ይሄዳል። በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጦ መብላት፥ ጉርሻ መስጠትና መቀበል የፍቅር ምልክት በሆነበት አገር፥ ከማዕድ ተለይቶ ለብቻ መመገብ የሆድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከሰው መለየት ነው። ይህን ሐኪሙ ላያስበው ይችላል፤ በሽተኛው ግን ያስበዋል። ስለዚህ ነው ይጠየቅ የምለው።

ተጠይቆ የመለሰ ሰው ምን እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ግራንት አቻትስ የሚባል አሜሪካዊ የወጥ ቤት ሠሪ በ2005 በቺካጎ ከተማ አሊኒያ የተባለ ምግብ ቤት ከፈተ፤ በ2006 ጎርሜ የተባለው መጽሔት ምግብ ቤቱን በአሜሪካ አንደኛ አለው። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ2007፥ ይህ በምላሱ የሚኖር ሰው በ33 ዓመት ዕድሜው የምላስ ካንሰር፥ ያውም አራተኛው ደረጃ የደረሰ፥ እንደ ያዘው ተነገረው። ያዩት ሐኪሞች ሕይወትህን ለማትረፍ ከምላስህ የሚበልጠው ክፍል መቆረጥ አለበት አሉት። እርሱም ሌላ አሳብ ፍለጋ ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ዘንድ ሄደ፤ እነርሱም ምላሱን ሳይቆርጡ በመድኃኒትና በጨረር አከሙት። ጣዕም መለየት ጨርሶ ጠፍቶበት ሳለ የሥራ ባልደረቦቹ እየቀመሱለት ሥራውን ቀጠለ። በ2007 ዓመት መጨረሻ ካንሰሩ እንደ ጠፋ አስታወቀ፤ ጣዕሙም ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ በ2008 በአገሩ የሙያው ትልቁን ሽልማት ተቀበለ።

ከዚህ ታሪክ የተሳሳተ ትምህርት እንዳይወሰድ እለምናለሁ። የአንድ ሰው መዳን ሕግ አይሆንም፤ ጨረርና መድኃኒትም ለሁሉ የቢላዋን ቦታ አይተኩም። የጨረር ሕክምና ራሱ አፍን ያደርቃል፤ ጉሮሮን ያቆስላል። ከታሪኩ መማር የሚገባን ሌላ ነገር ነው። ሰውዬው በሽታውን በስሙ ሰምቷል፤ ምን እንደሚቆረጥበት አውቋል፤ ምላሱ ለእርሱ ምን እንደ ሆነ ራሱ ተናግሯል፤ ሌላ ሐኪምም ለመጠየቅ ጊዜ አግኝቷል። ቢቆረጥ እንኳ ወዶና አውቆ ይቆረጥ ነበር።

በእኛ ዘንድስ? እንደምናውቀው ሁሉ በአገራችን ክፉ በሽታ ሲገኝ ወሬው መጀመሪያ የሚነገረው ለአስታማሚው ነው። ወንድም፥ አጎት ወይም ልጅ ወደ ጎን ይጠራል፤ ቃሉ በሹክሹክታ ይነገረዋል፤ እርሱም ወደ አልጋው ተመልሶ «ትንሽ ቁስል ናት፥ ትጸዳለች ተብሏል» ይላል። ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም፤ በፍቅር ነው። አባቶቻችን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ ነበር። በዚህ ጉዳይ ግን ሸሻጊው በሽተኛው አይደለም፤ በሽታው ከባለቤቱ ተሸሽጓል። እንዲህ የተሸሸገበት ሰው የምላስ ኦፕራሲዮን ሲያጋጥመው ምን ይሆናል? ቁስሉ ሊጸዳለት ተኝቶ ምላሱን አጥቶ ይነሣል። ለምን እንደ ተደረገበት ሊጠይቅ ቢፈልግም መጠየቂያው ተወስዷል።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ እንደሚቀርብ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ቢነገረው በድንጋጤ ይሞታል፤ ተስፋ ይቆርጣል» የሚል ነው። ድንጋጤ መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ከዚህ ኦፕራሲዮን የሚነሣ ሰው እውነቱን ማወቁ አይቀርም፤ አፉ ራሱ ይነግረዋል። እንግዲህ ምርጫችን በመንገርና ባለመንገር መካከል ሳይሆን፥ መልስ መስጠት ሲችል በመንገርና መልስ መስጠት ሳይችል በመንገር መካከል ነው። ሁለተኛው መቃወሚያ «ድኻ አገር ውስጥ ምን ምርጫ አለውና ይጠየቃል?» የሚል ነው። በእርግጥ በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ እንደ ነበር፥ ወረፋውም ረዥም እንደ ነበር ይታወቃል። ሆኖም ምርጫው ቢጠብም አይጠፋም። ልቆረጥ ወይስ ልቅር የሚለው ምርጫ አለ። ከመቆረጤ በፊት ማንን ላነጋግር፥ ምን ልናዘዝ፥ ዕዳዬንና መሬቴን ለማን ላስታውቅ፥ ለልጆቼ ምን ልበል የሚለው አለ። ማንበብና መጻፍ ያልተማረ ሰው በሞላበት አገር ብዙ ሰው ከምላሱ በቀር ብዕር የለውም። ምላሱን ሳይናገርበት ብንወስድበት ኑዛዜውንም አብረን ወሰድንበት ማለት ነው።

ለሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቼም አንድ ነገር ላስታውስ። በ1960 የታወጀው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በ20ኛው አንቀጽ፥ ማንኛውም ሰው የሐኪም ምርመራን ወይም ኦፕራሲዮንን አልቀበልም ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ሰው ያልተነገረውን ነገር እንዴት አድርጎ አልቀበልም ሊል ይችላል? አእምሮው ጤነኛ የሆነ አዋቂ ሰው ተኝቶ ሳለ፥ ወንድሙ በኮሪደር ላይ የፈረመው የፈቃድ ወረቀት የማን ፈቃድ ነው?

ከሁሉ የሚሻለው ግን ወደዚህ ከባድ ጥያቄ ሳይደርሱ በሽታውን በትንሽነቱ መያዝ ነው። እዚህ ላይ ሐኪም ያልሆንነውም ሥራ እንዳለን የሚያሳይ ምስክር አለ። በደቡብ ህንድ፥ በኬረላ ክፍለ ሀገር፥ በትሪቫንድረም አውራጃ በ1996 አንድ ትልቅ ሥራ ተጀመረ። 13 ቀበሌዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ በ7ቱ ዕድሜው 35 ዓመት የሆነና ከዚያ በላይ ያለ ሰው ሁሉ በየቤቱ እየተጎበኘ አፉ እንዲታይ ተደረገ፤ 6ቱ ለማነጻጸሪያ ቀሩ። አፍ ከፍተው በብርሃን ያዩ የነበሩት ሐኪሞች አልነበሩም፤ ሕክምና ያልተማሩ፥ በሌላ ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁና ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ወጣቶች ነበሩ። በ2005 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፥ ትንባሆ ወይም አልኮል ከሚወስዱት ሰዎች መካከል በአፍ ካንሰር የሚሞተው በ34 ከመቶ ቀነሰ። በሕዝቡ ሁሉ ዘንድ ግን የተገኘው ቅናሽ ለማረጋገጥ የሚያበቃ አልነበረም፤ ስለዚህ የሁሉን ሰው አፍ እንመርምር አልልም። የሚያጨሰውንና የሚጠጣውን ጓደኛችንን ግን ሦስት ሳምንት ያልዳነ ቁስል ሲያሳየን «ወደ ሐኪም ሂድ» ለማለት ዲግሪ አያስፈልግም።

ስለዚህ አስተያየቴን በሦስት አጠቃልላለሁ። አንደኛ፥ የሕክምና መምህሮቻችን ክፉ ወሬን ለበሽተኛው በጨዋ ቃል መንገርን እንደ ስፌት አሰፋፍ ሁሉ በተግባር ያስተምሩን፤ ዘመድ አይገለል፥ አብሮ ይቀመጥ፥ ነገር ግን በሽተኛውን ቀድሞ አይስማ። ሁለተኛ፥ ምላስ የሚቆረጥበት ሆስፒታል ሁሉ መናገርና መዋጥ የሚያስለምድ ሰው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ጀምሮ ከበሽተኛው ጋር ያገናኝ፤ የቋንቋ ጥናት ክፍላችንም ከሕክምናው ክፍል ጋር ሆኖ ለአማርኛና ለሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች የሚስማማ የልምምድ ቃል ዝርዝር ያዘጋጅ፤ በእንግሊዝኛ ድምፅ የተሠራ ልምምድ ጠንና ጨን አያስተምርምና። ሦስተኛ፥ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለበሽተኛው ቢያንስ አንድ ቀን ይሰጠው፤ ከሚወደው ሰው ጋር ይነጋገርበት፤ ቢፈልግ ድምፁን በስልክ ያስቀርጽበት፤ ቢፈልግ ይናዘዝበት።

ይህ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ከሁለተኛው በቀር። የሚጠይቀው የሐኪሙን ግማሽ ሰዓትና የዘመድን ድፍረት ነው። አሳቤን የሚቃወም የሕክምና ተማሪም ሆነ መምህር ቢኖር በሚቀጥለው እትም እንዲጽፍ እጋብዘዋለሁ፤ ይልቁንም በየክፍሉ ተኝተው ያሉትን በሽተኞች አስቀድሞ ጠይቆ የእነርሱንም መልስ ይዞ ቢመጣ ደስ ይለኛል።